የፎንታናው አደጋ፦ በአንድ የትራክ ቀን ትኩረት የት የት ጎደለ?

ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ግንቦት 25 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 2 ቀን 2005። ከሎስ አንጀለስ ወደ ምሥራቅ ወጣ ብላ በምትገኘው ፎንታና ከተማ፣ ካሊፎርኒያ ስፒድዌይ በተባለው የመኪና ውድድር ሜዳ፣ የፌራሪ ባለቤቶች ክለብ የትራክ ቀን አዘጋጅቷል። ውድድር አይደለም። ዋንጫም ሽልማትም የለውም። ሰው የራሱን መኪና ይዞ መጥቶ ትራኩ ላይ ነድቶ ወደ ቤቱ የሚመለስበት ቀን ነው።

ከመጡት አንዱ የያዘው ፌራሪ ሳይሆን ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ነው። ከጎኑ ኮሪ ሩድል ተቀምጧል። ሩድል የ34 ዓመት ሰው ነው፤ በኢንተርኔት ግብይት ቀድመው ስም ካወጡት መካከል ይቆጠራል። ፖርሹ ቀጥታው ላይ በከፍተኛ ፍጥነት ሲመጣ አንድ ፌራሪ ከፒት፣ ማለትም መኪኖች ከትራኩ ወጥተው ከሚቆሙበት ስፍራ፣ ወጥቶ በዝግታ ወደ ትራኩ ገባ። የፖርሹ አሽከርካሪ እንዳይገጨው መሪውን ጠመዘዘ። መኪናው ከቁጥጥሩ ወጣና ከኮንክሪት ግንብ ጋር ተላተመ። ሁለቱም ሞቱ።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የሩድል ባለቤት ከሰሰች። በክሱ ሂደት ብዙ ጊዜ በዝምታ የሚታለፉ ጥያቄዎች በሙሉ ወደ አደባባይ ወጡ። ፌራሪውን ማን ሂድ አለው? ግንቡ እዚያ ለምን ቆመ? መኪናው ቀድሞ ችግር ነበረበት ወይ? ተሳፋሪው ምን ተነግሮት ገባ? የአማተር ትራክ ቀን አደጋዎች አብዛኞቹ እንዲህ አይመረመሩም። ሰው ይጎዳል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ክለቡ የሐዘን መግለጫ ያወጣል፣ ነገሩ ይዘጋል። ይህን ጉዳይ የመረጥኩት ስለተመረመረ ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ትራክ ቀን እንዴት ነው የሚሠራው?

ለማያውቀው ባጭሩ ላስረዳ። ጠዋት መኪናው ይፈተሻል። የጎማ ብሎኖች መጥበቃቸው፣ የፍሬን ሸራና የፍሬን ዘይት፣ የባትሪው መታሰር፣ ውስጥ የሚንከባለል ዕቃ አለመኖሩ ይታያል። ከዚያ የአሽከርካሪዎች ስብሰባ አለ። የባንዲራዎች ትርጉም፣ የመውጫና የመግቢያ ሥርዓት፣ መቅደም የሚፈቀድባቸው ቦታዎች ይነገራሉ። አሽከርካሪው እንደ ልምዱ ይመደባል፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ የበሰለ። አንዱ ቡድን ለ20 ወይም ለ25 ደቂቃ ያህል ይነዳል፣ ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል። በብዙ ክለቦች ከፊት ያለው ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ «እለፍ» ብሎ ካልጠቆመ መቅደም ክልክል ነው።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ የመኪና ወዳጆች ዌስት ቨርጂንያ ያለውን ሰሚት ፖይንትን ሳታውቁት አትቀሩም። ኤምሬትስ ያላችሁት ደግሞ ያስ ማሪናም ዱባይ አውቶድሮምም ቅርባችሁ ነው። ስለዚህ ነገሩ የሩቅ አገር ሀብታሞች ወሬ ብቻ አይደለም። መኪና የሚወድ ወጣት ባለበት ሁሉ አንድ ቀን «ትራክ እንሂድ» የሚል ጓደኛ አይጠፋም።

መሄዱ ጥሩ ነው። በጎዳና ላይ ከመፎካከር ትራክ መሄድ በስንት ጣዕሙ! ከፊት ለፊት የሚመጣ መኪና የለም። የሚያቋርጥ እግረኛ የለም። የሕክምና ሰዎች በቅርብ አሉ። ይህን የምለው ጽሑፉን አንብቦ «ታዲያ ጎዳናው ምን አለኝ» የሚል ሰው እንዳይኖር ብዬ ነው። ግን ትራኩ የሚያስወግደው አንዳንዱን አደጋ ነው። በዚያ ፋንታ ፍጥነትን ይሰጥሃል። ፍጥነቱ ደግሞ በጣም የተለያየ ችሎታ ባላቸው፣ በጣም በተለያዩ መኪኖች ውስጥ ባሉ ሰዎች መካከል ነው።

መኪናው

ካሬራ ጂቲ ከተራ የስፖርት መኪና ጋር የሚመደብ አይደለም። ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጠው 5.7 ሊትር ባለ 10 ሲሊንደር ሞተር ከ600 በላይ የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቱ 1,380 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። እስከ 330 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይነዳል። ማርሹ በእጅ ነው። ፍሪሲዮኑ ከሴራሚክ የተሠራና ጠባይ ያለው ስለሆነ ለማስነሳት እንኳ መልመድ ይጠይቃል። በአጠቃላይ የተሠሩት 1,270 ብቻ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ የአንዱ ዋጋ ወደ 440,000 ዶላር ነበር።

ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይታሰር የሚከላከለው ኤቢኤስ አለው። ጎማው በከንቱ እንዳይሽከረከር የሚቆጣጠር ሥርዓትም አለው። የሌለው አንድ ነገር ነው፤ የስታቢሊቲ ኮንትሮል። ይህ መሣሪያ መኪናው መዞር ከሚገባው በላይ መዞር ሲጀምር ያውቅና አንዱን ጎማ ለብቻው ፍሬን ይዞ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። ፖርሽ በዚያን ጊዜ በሌሎች መኪኖቹ ላይ ይገጥመው ነበር። ከዓመታት በኋላ የካሬራ ጂቲ ተተኪ ሆኖ የመጣው 918 ስፓይደርም አለው። በክሱ ላይ ከፖርሽ ጋር የነበረው ዋናው ክርክር ይኸው ነበር።

ሞተሩ መሀል ላይ የሆነ መኪና ሲዞር ፈጣን ነው። ሲያመልጥም ፈጣን ነው። በከፍተኛ ፍጥነት መሪ በድንገት ሲጠመዘዝ፣ ከዚያም በላይ እግር ከነዳጅ ላይ ባንዴ ሲነሳ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማዎች ይሄዳል። የኋላው ይቀልላል፣ መንገዱን ይለቃል፣ ሾፌሩን ሊቀድም ይሞክራል። የለመደ ሰው ይህን የሚያስተካክልበት ጊዜ በሰከንድ ክፍልፋይ የሚቆጠር ነው። የደነገጠ ሰው ግን አብዝቶ ይመልሰዋል፣ መኪናው በሌላው ጎን ያመልጣል። እዚያ ቀን ከመሪው ጀርባ የትኛው እንደሆነ ልፈርድ አልችልም። ያ መኪና ለስህተት ቦታ የማይተው መሆኑን ግን ማንም አይክድም።

ሰከንዶቹ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይረዳል። ለማስላት እንዲመች ብቻ በቀጥታው ላይ የሚመጣው መኪና 200 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄዳል እንበል። ይህ በሰከንድ 55 ሜትር ነው። አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሁለት ሰከንድ ያልቃል ማለት ነው። ከፒት የወጣው ደግሞ በ70 ይሄዳል እንበል። በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰከንዱ 36 ሜትር ይጠባል። 100 ሜትር ርቀት ሦስት ሰከንድ እንኳ አይሞላም።

ሰው ያልጠበቀውን ነገር አይቶ፣ ምን እንደሆነ ተረድቶ፣ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ከአንድ እስከ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል። ከሦስቱ ሰከንድ ግማሹ ለመረዳት ብቻ ሄደ። በቀረው ሰከንድ ተኩል ከ200 ላይ ያለ መኪና አይቆምም። ጎማው በጣም ጥሩ ቢሆን እንኳ ለመቆም 150 ሜትር ያስፈልገዋል። ስለዚህ እጅ መሪውን ያዞራል። ማንም ሰው ያደርገዋል፤ የማንኛችንም እጅ ቢሆን ያንኑ ነበር የሚያደርገው።

«አሽከርካሪው ትኩረት ቢያደርግ ኖሮ» የሚለው አነጋገር ለዚህ ነው የማይበቃኝ። በዚያች ሰከንድ ውስጥ ትኩረቱ ሙሉ ቢሆንም የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። ትኩረት ሥራ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። ቀጥታው ላይ ብዙ አሽከርካሪ ያርፋል። ከኩርባ ወጥቷል፣ መሪው ቀጥ ብሏል፣ ነዳጅ መርገጥ ብቻ ነው የቀረው፤ ትንፋሽ ይሰበስባል፣ ስለ ቀጣዩ ኩርባ ያስባል። ተሳፋሪ ካለም የሚያወራው እዚያ ላይ ነው። ጥሩ አሠልጣኝ ግን የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። ቀጥታ ማለት የዓይን ሥራ የሚበዛበት ቦታ ነው። የሞተሩን ሙቀት አንዴ ቃኝ፣ መስታወቱን እይ፣ የባንዲራ ጣቢያውን ፈልግ፣ ዓይንህን ሩቅ ጣል። የፒት መውጫ ከሚገናኝበት ቦታ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ «ሰው እየገባ ነው» ብለህ ቅረብ። ባይገባ ምንም አልቀረብህም።

ሌላም አለ። ሰው ሲደነግጥ ዓይኑ የፈራው ነገር ላይ ይተከላል። ዓይን ግንቡን ካየ እጅ ወደ ግንቡ ይነዳል። ስለዚህ ነው አሠልጣኞች ከቀን እስከ ማታ «መሄድ የምትፈልግበትን እይ» እያሉ የሚጮኹት። ማወቁ ቀላል ነው፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ማድረጉ ግን ያለ ልምምድ አይመጣም። ልምምዱም በ200 አይጀመርም። በሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ፣ ኮን ተደርድሮ፣ በ60 እና በ70 ነው የሚጀመረው።

የፒት መውጫው

ይህ ለእኔ የጉዳዩ ልብ ነው።

ከፒት የሚወጣ መኪና ቀዝቃዛ ጎማ አለው፣ ፍጥነት የለውም፣ ዞሮ ከኋላ የሚመጣውን በደንብ ማየት አይችልም። ሄልሜት አንገትን ይይዛል። የውድድር ወንበርና ቀበቶ ካለ ደግሞ ጭራሽ ዞር ማለት የለም። ስለዚህ በእሱ ፋንታ የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። መውጫው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ ሥራው ይኸው ነው። ቀጥታውን ያያል፣ የሚመጣ ካለ ያስቆማል፣ ከሌለ ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የሚወጣው መኪና ትራኩ ላይ የተሰመረውን መስመር ሳያቋርጥ ጠርዙን ይዞ ይሄዳል። ፍጥነት እስኪሰበስብ ድረስ ዋናውን መስመር አይነካም።

ከሳሾቹ ይህ ሥርዓት በዚያ ቀን ተበላሽቷል አሉ፤ ፌራሪው ባልተገባ ሰዓት ተለቀቀ የሚል ነው መከራከሪያቸው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አስባለሁ። የመውጫው ሰው ሥራ በጣም አሰልቺ ነው። ፀሐይ ላይ ቆሞ ቀኑን ሙሉ «ሂድ፣ ቁም፣ ሂድ፣ ቁም» ማለት ነው። መቶ ጊዜ በትክክል ይሠራዋል፤ ማንም አያመሰግነውም። ትኩረት የሚደክመው በእንዲህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ስለ አሽከርካሪ ድካም ብዙ ይወራል። ስለ ባንዲራ ያዡ ድካም የሚያወራ ክለብ ግን ጥቂት ነው። በየሰዓቱ ይቀየራል ወይ? ጥላና ውሃ አለው ወይ? ከሌሎቹ ጣቢያዎች ጋር በሬዲዮ ይገናኛል ወይ? ከቆመበት ቦታ ቀጥታውን እስከ መጨረሻው ያየዋል ወይ? የአንድ ክለብ ጥንቃቄ የሚለካው በእነዚህ ነው እላለሁ፤ ጠዋት በሚታደለው ቲሸርት አይደለም።

ከፒት የሚወጣው አሽከርካሪም ድርሻ አለው። «ሂድ ተባልኩ» ማለት ብቻውን አይበቃም። በመስታወት ያያል፣ መስመሩን ይይዛል፣ ካመነታ ደግሞ ጠርዙን ይዞ ያመነታል እንጂ መሀል ገብቶ አይደለም። ትራክ ላይ ከቀርፋፋ መኪና ይልቅ የሚያስፈራው ምን ሊያደርግ እንደሆነ የማይታወቅ መኪና ነው።

ግንቡ

የካሊፎርኒያ ስፒድዌይ በ1997 የተከፈተ፣ በ2023 የተዘጋ ሜዳ ነበር። ሮጀር ፔንስኪ በቀድሞው የካይዘር ብረት ፋብሪካ ቦታ ላይ ነው ያሠራው። ዋናው ቅርጹ ሁለት ማይል፣ ማለትም 3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሞላላ ሜዳ ነበር። የትራክ ቀን ሲሆን ግን ከሞላላው የተወሰነው ክፍልና መሀል ያለው ጠመዝማዛ መንገድ ተቀላቅለው ያገለግሉ ነበር። ለአንድ ዓይነት ውድድር ታስቦ የተሠራ ሜዳ ለሌላ ሲውል ግንቦቹ ያሉበት ቦታ ሁልጊዜ አይገጥምም።

ሜዳው ይህን በከባድ ዋጋ ተምሮ ነበር። በኦክቶበር 31 ቀን 1999 ካናዳዊው ግሬግ ሙር፣ የ24 ዓመት ጎበዝ ተወዳዳሪ፣ እዚያው ትራክ ላይ ከመስመር ወጥቶ ሣሩን አቋርጦ የውስጠኛውን ግንብ መታና ሞተ። ሣር ላይ የወጣ መኪና ፍሬን አይይዝለትም፤ ይንሸራተታል። ግንቡ ጋ ሲደርስ ፍጥነቱ ገና እንዳለ ነው።

በ2005ቱ ጉዳይ ከሳሾቹ ያነሱት ነጥብ ለየት ይላል። ለልጆች መጫወቻ ቦታ ሲባል የኮንክሪት ግንቡ ወደ ትራኩ ተጠግቶ ነበር አሉ። ሐሳቡን አስቡት። ልጆችን ለመጠበቅ ግንብ ማቆም ትክክል ነው። ያስጠጋው ሰው ክፉ አላሰበም። ግን ግንቡ ሲጠጋ የሚያመልጥ መኪና ፍጥነቱን የሚጥልበት ባዶ ቦታ ጠበበ። በሌላ ቀን፣ ለሌላ ዝግጅት የተወሰነ ውሳኔ በዚህ ቀን ዋጋ አስከፈለ። ትራኩን የሚከራይ ክለብ ጠዋት ላይ በእግርም ሆነ በመኪና አንድ ዙር ሄዶ እያንዳንዱን ግንብ «መኪና እዚህ ቢያመልጥ የት ይደርሳል?» እያለ ማየት አለበት የምለው ለዚህ ነው። አንድ ሰዓት ቢወስድ ነው።

የተነገረና ያልተነገረ

የክሱ በጣም የሚያሳምመኝ ክፍል ይህ ነው። ከሳሾቹ የፖርሹ ባለቤትና አሽከርካሪ ከዚያ ቀን በፊት ስለ መኪናው አያያዝ ችግር ያውቅ ነበር፣ ለሩድል ግን አልነገረውም ብለው ተከራከሩ።

ሟች ላይ መፍረድ አልፈልግም። ራሱንም መከላከል አይችልም። ግን ነገሩ በየትራኩ በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። መኪናው ኋላው ሸተት ይላል፤ ፍሬኑ ትንሽ ወደ ግራ ይስባል፤ ጋራዥ ታይቶ «ምንም የለውም» ተብሏል። ባለቤቱ ልቡ አላረፈም፣ ግን ቀኑን ከፍሏል፣ ጓደኞቹ መጥተዋል፣ ሁሉም መኪናውን ለማየት ጓጉቷል። እንዲህ ያለ ሰው ሲነዳ ግማሽ ጆሮው መኪናው ላይ ነው። «አሁን ያ ድምፅ ነው?» «አሁን ኋላው ተንቀሳቀሰ?» ይላል በልቡ። ትራኩን ለማየት የቀረው ዓይን ስንት ነው? በስልክ ወይም በካሜራ ስለሚመጣ መዘናጋት ብዙ ተብሏል፤ እውነትም ነው፣ ስልክ መኪና ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ከስልኩ በላይ ግን ሰውን የሚያዘናጋው የማያምነው መኪና ነው። ያ ደግሞ እንደ ስልክ አይጠፋም፤ ሞተሩ እስኪቆም አብሮት ይዞራል።

እንግዳ ሲሳፈር ሌላ ጫና ይጨመራል። ክፋት የለውም፣ የሰው ልጅ ጠባይ ነው። ጎንህ የተቀመጠ ሰው ካለ ማሳየት ትፈልጋለህ። በተለይ እሱም ራሱ መኪና የሚያውቅና የሚወድ ከሆነ። ብቻህን ብትሆን በጊዜ የምትለቀውን ነዳጅ ትንሽ ታቆየዋለህ። ያቺ «ትንሽ» በ200 ላይ ብዙ ሜትር ናት።

ክሱና ክፍያው

በየትራክ ቀኑ ሁሉም ሰው በር ላይ የኃላፊነት መልቀቂያ ይፈርማል። ብትሞትም፣ ብትጎዳም አልከስም የሚል ወረቀት ነው። የካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ዓይነቱን ወረቀት በአብዛኛው ያከብራል። ለተራ ቸልተኝነት ይጠቅማል። ለከባድ ቸልተኝነት ግን አይሠራም። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007 ይህን በግልጽ ወስኗል፤ ያ ጉዳይ ከመኪና ጋር አይገናኝም፣ በበጋ ካምፕ ዋና ላይ የሞተች ልጅ ጉዳይ ነበር። ትርጉሙ ግን ለትራክም አንድ ነው። ወረቀት መፈረም አዘጋጁን ከማሰብ ነፃ አያወጣውም።

የሩድል ጉዳይ እስከ ፍርድ ሳይደርስ በ2007 በስምምነት ተዘጋ። አጠቃላዩ ወደ 4.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። አከፋፈሉ እንዲህ ነበር፦ የሟቹ አሽከርካሪ ውርስ 49 በመቶ፣ ትራኩና የፌራሪ ባለቤቶች ክለብ በአንድነት 41 በመቶ፣ ፖርሽ 8 በመቶ፣ የፌራሪው አሽከርካሪ 2 በመቶ።

ስምምነት ፍርድ አይደለም። ማን ምን ያህል እንዳጠፋ የሚለካ ሚዛን አድርጌ አልወስደውም፤ ጠበቆችና ኢንሹራንሶች የተደራደሩበት ቁጥር ነው። ግን አንድ ነገር ይናገራል። ትልቁ ድርሻ ከመሪው ጀርባ የነበረው ሰው ሆኖ ሳለ፣ ከግማሽ የሚበልጠው በሌሎቹ ላይ ነው የተከፋፈለው። ያን መኪና ያልነዱ ሰዎች ከግማሽ በላይ ከፍለዋል። ትራኩንና ክለቡን አንድ ላይ ስናይ ከአሽከርካሪው ብዙም አይርቁም። «የአደጋ ሁሉ ምክንያት ሾፌሩ ነው» የሚለውን የለመድነውን ሐሳብ ይህ ቁጥር አይደግፈውም።

ስለዚያው መኪና ከተነሳ አይቀር፣ ብዙዎቻችን የምናውቀው ተዋናይ ፖል ዎከርም የሞተው ካሬራ ጂቲ ውስጥ ነው፤ በኖቬምበር 30 ቀን 2013፣ በሳንታ ክላሪታ፣ እሱም ተሳፋሪ ሆኖ። ያ ግን ተራ መንገድ ላይ ነው። የፖሊስ ምርመራው ፍጥነትን ዋና ምክንያት አድርጎታል። የጎማዎቹ ዕድሜ ወደ ዘጠኝ ዓመት መጠጋቱም ተጠቅሷል። ጎማ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ እንኳ ሲያረጅ ይደርቃል፤ መንገዱን አይይዝም። እንዲህ ያሉ መኪኖች ብዙ ስለማይነዱ ጎማቸው ሳያልቅ ያረጃል። የእናንተም መኪና በሳምንት አንዴ ብቻ የሚወጣ ከሆነ ጎማው ጎን ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው።

ትራክ ለሚሄድ ሰው

ከዚህ ጉዳይ የምወስደው ሥራ አብዛኛው ጠዋት ላይ የሚያልቅ ነው። ስብሰባው ላይ ቡና ይዞ ከኋላ ከመቆም ፊት መቆምና መጠየቅ። የፒት መውጫው የት ነው የሚቀላቀለው? መስመሩ የት ያበቃል? ማን ነው የሚያሳልፈን? እነዚህን ሦስቱን መመለስ የማይችል አዘጋጅ ካጋጠማችሁ ክፍያውን ረስታችሁ ወደ ቤት ብትመለሱ አላጠፋችሁም። የመጀመሪያውን ዙር ደግሞ ባንዲራ ጣቢያዎቹን ለመቁጠር ብቻ ንዱት። ቢጫ ሲያዩ መቀነስ፣ ቀይ ሲያዩ ተረጋግቶ መቆም፣ ጥቁር ሲጠቆምባቸው ወደ ፒት መግባት የሚያውቁ ብዙ ናቸው። ባንዲራው የት እንደሚታይ ሳያውቁ ሦስት ዙር የሚነዱም ብዙ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ያለው የመጨረሻው ተራ ለብቻው ይታሰብበት። ጎማው ግሏል፣ ፍሬኑ ደክሟል፣ ሰውየውም ውሃ ሳይጠጣ ውሏል። ግን ጠዋት ያልቻላትን ኩርባ አሁን ችሏታል፣ ስለዚህ «አንድ ዙር ብቻ» ይላል። ድካም ራሱን አይናገርም። ፍሬን የሚይዝበት ቦታ አንዴ ሲዘገይ፣ አንዴ ሲቀድም ያኔ ይታወቃል። ያን ያየ ሰው ማርሹን ቀንሶ፣ እጁን አውጥቶ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፒት ቢገባ ማንም አይስቅበትም። ቢስቅም ይሳቅ።

ተሳፋሪን በተመለከተ ግን ለአሽከርካሪው ብቻ የሚተው አይመስለኝም። ብዙ ክለቦች ከአሠልጣኝና ከተማሪ በቀር ሁለተኛ ሰው መኪና ውስጥ እንዲገባ አይፈቅዱም። ደንቡ ትክክል ነው፤ ቢጠብቅ እንጂ ቢላላ አልወድም። የሚፈቅድ ክለብ ካለ ደግሞ ቢያንስ ተሳፋሪው ከመግባቱ በፊት፣ ባለቤቱ በሌለበት፣ አንድ የክለቡ ሰው ሦስት ነገር ይንገረው። ይህ ሰው በዚህ መኪና ምን ያህል ትራክ ነድቷል፣ መኪናው ዛሬ ጠዋት ሲፈተሽ የተገኘበት ነገር አለ ወይ፣ ከመኪናው መውረድ ብትፈልግ የምትሰጠው ምልክት ምንድን ነው። ምልክቱም ቀላል ይሁን፤ ጉልበቱን ሁለቴ መታ መታ ካደረገው አሽከርካሪው በዚያው ዙር ወደ ፒት ይገባል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም።